ለጥሩ መምህር ማን ይመስክርለት?

ቀድሞ በአገራችን የአንድ መምህር ችሎታ የሚለካው በኒሻን አልነበረም፤ በተማሪ እግር ነበር። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ጥሩ የቅኔ መምህር አለ የተባለ እንደሆነ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከሸዋም ከጎንደርም ወንዝ እየተሻገረ ይመጣ ነበር። መምህሩ የሰለቹ እንደሆነም ያው ተማሪ አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላው ደብር ይሄዳል። ትምህርቱም ሸምድዶ መድገም አልነበረም። ተማሪው ቀኑን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ የትናንቱን ወይም የባልንጀራውን ይዞ ቢቀርብ ዋጋ የለውም። ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጆች «ተማሪው ራሱ እየሠራ ይማር» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር የሰማ የቆሎ ተማሪ ቢኖር በሆዱ ይሥቅ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ በኋላ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መለኪያው ሌላ ሆነ። ተማሪው ተመድቦ ይማራል እንጂ መምህሩን ፍለጋ አይሄድም። የመምህሩም ማዕረግ በአብዛኛው የታተመ ጥናትንና የአገልግሎት ዘመንን ተከትሎ ያድጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥናት ይቆጠራል፣ መጽሔቱም ይታወቃል። አንድ መምህር ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የተጫነውን መቶ ተማሪ እንዴት አድርጎ እንዳነቃ ግን ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት በቀር ምስክር የለም። ምስክሮቹ ደግሞ ተመርቀው ተበትነዋል። ከእነርሱ ስንቱ ነው ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖረው! ሁለት የድሮ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ የተገናኙ እንደሆነ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ መምህራኑ መምጣቱ አይቀርም። የማን ፈተና እንደሚያስለቅስ፣ ማን ጠመኔ ይዞ ሲገባ ክፍሉ ጸጥ እንደሚል ይነሣል። ይኸው ምስክርነት ግን ከቡናው ስኒ አያልፍም።

አንድ ጊዜ አልፎ የሄደበትን ታሪክ እንይ።

ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆነው ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። የማስተርስ ዲግሪያቸውን በ1973 ያገኙት ከጎረቤታችን ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ወደ ምሥራቅ ለነዳ ሰው ግቢው ሩቅ አይደለም። እዚህ ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ መጣ፤ ቀይ ሽብርም ተከተለ። ዶክተር ሙሉጌታ ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ በእስር ዓመታት አሳለፉ። እስር ቤቱም ውስጥ ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ማስተማር አላቆሙም።

በዚያ ዘመን የታሰረ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የተማረው ላልተማረው፣ የኮሌጁ ልጅ ለሁለተኛ ደረጃው ተማሪ ያስጠና ነበር። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተሰኘውን ትርጉሙን በሲጋራ ወረቀት ላይ የጻፈው በዚያው ዘመን እስር ቤት ውስጥ ነው። ላቦራቶሪ የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ ነገ ማን እንደሚጠራ አይታወቅ። እንዲህ ባለ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ተማሪ ማፍራት ከየትኛውም የማስተማር ዘዴ መጽሐፍ የሚገኝ ችሎታ አይደለም።

ከእስር ሲወጡ ወደዚያው ሙያ ተመለሱ። ከዚያም ወደ ሕንድ ተሻግረው ባንጋሎር ከሚገኘው የሕንድ ሳይንስ ተቋም በ1997 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ ከሜሪላንዱ ዲግሪ 24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘንድሮም ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ ብንል ቀልድ ይመስላል፤ ግን እንደዚያው ነው ያደረጉት።

በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ለእርሳቸውና ለሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን በጋራ ሰጠ። ሳካሮቭ ለሶቪየት ኅብረት የሃይድሮጂን ቦምብ የሠሩ፣ ኋላ ግን ለሰብአዊ መብት በመቆማቸው ወደ ጎርኪ ከተማ የተጋዙ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ሽልማቱ ለዶክተር ሙሉጌታ የተሰጠበት ምክንያት ሁለት ነገር አንድ ላይ ያነሣል፦ ለሰብአዊ መብት፣ ለሐሳብ ነፃነትና ለትምህርት ሳይታክቱ መድከማቸውን፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዲሁ እንዲያደርጉ ማነሣሣታቸውን። የማኅበሩ ዋና ጽሕፈት ቤት በዚያን ጊዜ ኮሌጅ ፓርክ ነበር፤ ወጣቱ ሙሉጌታ በተማሩበት ከተማ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ሸላሚዎቹ ተማሪ ሆነው ክፍላቸው አልተቀመጡም። የሚያውቁ ሰዎች ያዩትን ካልተናገሩ በቀር ማንም ኮሚቴ ከአዲስ አበባ እስር ቤት ውስጥ የተሰጠን ትምህርት ሊያውቅ አይችልም።

አገር ቤት ግን መምህራን ብዙ ጊዜ የደረሳቸው ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነው። በሚያዝያ 1993 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራኑን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ከመካከላቸው የሕክምና ፋኩልቲውን ለማቋቋም የደከሙት የቀዶ ሕክምናው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበታል፤ ኋላ ታስረው፣ ታመው፣ በግንቦት 1999 ፊላዴልፊያ ላይ አረፉ። በዚያ ዓመት በሚቀጥለው ትምህርት ማን እንደሚያስተምራቸው ሳያውቁ የቀሩትን ተማሪዎች የቆጠራቸው የለም። ከተባረሩት መካከል ወደ አሜሪካ የመጡ አሉ፤ በየኮሌጁ እንደገና ከሀ ብለው የጀመሩም አሉ።

አሜሪካም ቢሆን ለመምህር ሁልጊዜ ገነት አይደለችም። ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሃርቫርድ የአፍሮ አሜሪካ ጥናት ክፍል በ1969 ሲጀመር የመጀመሪያው መምህር ሆነው ተቀጠሩ። ቋሚ ሹመት በተከለከሉ ጊዜ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክርክሩ እስከ 1985 ይግባኝ ሰሚ ችሎት ድረስ ሄዷል። ያው ሃርቫርድ በአፍሪካ ጥናት ለላቀ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት በኋላ በስማቸው ሰይሟል። ከክሱና ከሽልማቱ የትኛው እውነተኛውን ሃርቫርድ ያሳያል ቢባል መልሱ «ሁለቱም» ይመስላል።

ይህች አገር ግን አንድ ጥሩ ልማድ አላት፤ ማስተማርን ከምርምር ለይታ የምትሸልምበት ጊዜ አለ። ከ1981 እስከ 2015 የዓመቱ የአሜሪካ ፕሮፌሰር እየተባለ ይሰጥ የነበረው ሽልማት የሚያየው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ማስተማርን ነበር፤ ለሁለት ዓመት ኮሌጆች መምህራንም የራሳቸው ምድብ ነበራቸው። የቨርጂኒያ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤትም ከ1987 ጀምሮ ለላቁ መምህራን የሚሰጠው ሽልማት አለ፤ የሁለት ዓመት ኮሌጆችም ይወዳደሩበታል። ይህ ለእኛ ወገን ትንሽ ነገር አይደለም። ማታ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ፣ ወደ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሌጅ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ወይም ወደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ የሚሮጠው ሐበሻ መምህሮቹ እነዚህ ናቸውና።

ከመምህራኑ ብዙዎቹ በኮርስ የሚከፈላቸው ናቸው። ኮንትራታቸው በየሴሚስተሩ ይታደሳል ወይም ይቀራል። ከሦስት ካምፓስ ሦስት ኮርስ ለቃቅመው፣ ቢሮ ሳይኖራቸው ከመኪናቸው ግንድ ፈተና እያወጡ የሚያርሙ አሉ፤ በመካከላቸውም በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ኢትዮጵያውያን አይጠፉም። ለእንዲህ ያለ መምህር የተማሪ ቃል የደረት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ሴሚስተር እንጀራም ነው።

የእኛ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ዝም ይላል። መምህርን መገምገም ነውር የሚመስለው አለ። «እንግሊዝኛዬ ይሰበራል» የሚል አለ። በአገር ቤት ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ያስከተለበትን ያልረሳም አለ፤ በዚህ ሰው ሊፈረድበት አይገባም። የጻፈውም ቢሆን «እጅግ ግሩም መምህር ናቸው» ብሎ ይፈርማል፤ ይህን ዓይነቱን ምስጋና አንባቢው በየቀኑ ስለሚያይ አይቆምበትም። የሚያስቆመው ዝርዝሩ ነው። 15 ዓመት ከትምህርት ርቃ የመጣች እናት ስታቲስቲክስ የገባት በየትኛው ምሳሌ ነው? የቤት ሥራው ሲመለስ ጠርዙ ላይ ምን ተጽፎበት ነበር? ሰዓቱ ካለቀ በኋላ መምህሯ ለስንት ሰው ስትል ቆይታለች? እንዲህ ያለውን ግማሽ ገጽ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ መላክ ማንም ይችላል፤ ሰዋስውን ጎረቤት የሚማር ልጅ ያርመዋል።

ደብዳቤው የከበደው ደግሞ በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚታደለው የግምገማ ቅጽ አለለት። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ከመጨረሻው ፈተና በፊት ነው፤ ስም አይጻፍበትም፤ መምህሩም የሚያየው ውጤት ከገባ በኋላ ነው።