የቤተ መጻሕፍት ስብስብ ለሕዝብ ስለሚታይበት ሥርዓት

አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን ብቻ ሳይሆን የሀገርንም ዕቃ ሰብስቦ ለሕዝብ ሲያሳይ፥ ዕቃውና መጽሐፉ እንዴት ሊረዳዱ እንደሚገባ ባጭሩ መግለጥ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

በሀገራችን ይህ ሥራ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በ1943 ዓ. ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከመጻሕፍቱ ጎን ሥዕሎችን፥ መስቀሎችንና ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ያሰባስቡ ነበር። በ1955 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክኸርስት ዲሬክተርነት ሲቋቋም፥ ይህ ስብስብ ዛሬ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለሚገኘው ቤተ መዘክር መሠረት ሆነ። በዚያም የልዩ ልዩ ሕዝቦች ዕቃ በሰው ሕይወት ተራ፥ ከልደት እስከ ሞት ተደርድሮ ይታያል።

ይህ አደራደር የሩቁን ሰው ለተመልካቹ ዘመድ ያደርግለታል። ነገር ግን ዕቃ ከሀገሩ ሲርቅ ስሙና ታሪኩ አብረውት ካልሄዱ ድዳ ይሆናል።

ለምሳሌ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የአዊን ከተማ፥ አዲስ ቅዳምን እንውሰድ። በ1763 ዓ. ም. ወደ ግሽ ዓባይ የደረሰው ጄምስ ብሩስ፥ የዳሞት አገዎች ቅቤ፥ ማር፥ ሰም፥ ቆዳና ስንዴ ተሸክመው፥ ሺህ ወይም ሺህ አምስት መቶ ሆነው ወደ ጎንደር ይመላለሱ እንደ ነበር ጽፏል። ቅቤውም እንዳይበላሽ መቅመቆ የሚባል ቢጫ ሥር ወቅጠው ይጨምሩበት ነበር ይላል። እንግዲህ የብሩስ መጽሐፍ በዚህ ገጽ ተገልጦ፥ መቅመቆውና የቅቤው ዕቃ ከጎኑ ቢቀመጡ፥ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

ኮርቻም ብቻውን ቢሰቀል እንጨትና ቆዳ ነው። በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንደሚያከብር፥ ዓድዋ የዘመቱትም ፈረሰኞችና ፈረሶች በዚያ እንደሚታሰቡ የተረዳ ተመልካች ግን በኮርቻው ላይ የተቀመጠውን ሰው ያያል።

ስለዚህ ዕቃ የሚሰበስብ ሁሉ የዕቃውን ስም በባለቤቱ ቋንቋ፥ በዚህ ስፍራ በአውኝ፥ በፊደል ይጻፍ፤ የሠራውንና የተገለገለበትን ሰው ቃል ይመዝግብ፤ የመዝገቡንም ግልባጭ ዕቃው ለወጣበት ሀገር ትምህርት ቤት ይተው። ዕቃን ዘግይቶም ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ የሚያውቀው ሽማግሌ ካለፈ በኋላ ግን ቃሉን ከየትም ማምጣት አይቻልም።