ስለ ድምፅ አልባ ጭብጨባ

ጭብጨባ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የደስታና የምስጋና መግለጫ ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱ የሚተላለፈው በጆሮ ስለ ሆነ መስማት ለተሳነው ሰው በሙሉ አይደርሰውም። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚሰበሰቡበት ስፍራ ሁለት እጅን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ጣቶችን ዘርግቶ፣ መዳፍን ወዲያና ወዲህ በፍጥነት ማወዛወዝ የተለመደ ነው። ምስጋናው በዓይን ይታያል።

ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝ አገር የተማሪዎች ጉባኤ የገባው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር በስብሰባዎቹ ጭብጨባ በዚህ ምልክት እንዲተካ፣ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ማኅበር ምልክቱ እንዲበረታታ ወሰኑ። ምክንያታቸውም ከፍተኛ ድምፅ ጭንቀት ላለባቸውና ጩኸት ለሚከብዳቸው ሰዎች እንቅፋት ይሆናል የሚል ነበር። በእርግጥም ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች መካከል የብዙ ሰው ጭብጨባ እንደ ሕመም የሚሰማቸው አሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ወይ ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል፣ ወይ ከጉባኤው ይቀራል።

ለዓይነ ስውር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ንግግሩን ፈጽሞ በመድረክ ላይ የቆመ ዓይነ ስውር ዝምታ ቢቀበለው፣ ሕዝቡ ወደደው ወይም ጠላው ብሎ የሚለይበት ምልክት የለውም። በአዳራሹ የተቀመጠውም ከጋራው ደስታ ተነጥሎ ይቀራል። እጁን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ደግሞ በጭብጨባውም በምልክቱም ተካፋይ አይሆንም። በአገራችን የታወቀው እልልታ እንኳ እጅን ሳይጠይቅ ለዓይነ ስውሩ ሲደርስ፣ መስማት ለተሳነው አይደርስም።

እንግዲህ ድምፅ አልባው ጭብጨባ እንቅፋቱን ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ ጨርሶ አያነሣውም። ከዚህ የምንረዳው፣ የምስጋና ምልክት ለሁሉ እንዲደርስ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ መተላለፍ እንደሚገባው ነው። እጆች በሚወዛወዙበት ጊዜ የስብሰባው መሪ «ጉባኤው እጁን አንሥቶ ያመሰግናል» ብሎ በቃል ቢያሰማ፣ ወይም እጅ ከፍ ብሎ ሲታይ ለስለስ ያለ ጭብጨባ ቢታከልበት፣ ዓይንም ጆሮም ድርሻውን ያገኛል። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰንም አስቀድሞ ተሰብሳቢዎቹን መጠየቅ ይገባል። ከዚህም ጋር፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በሌለበትና መግቢያው ደረጃ ብቻ በሆነ አዳራሽ፣ የጭብጨባው ሥርዓት ቢለወጥ እንኳ ከደጅ የቀረው ሰው ከደጅ እንደ ቀረ ነው።