ቆማም የምትበላ መኪና

ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ያገለገለች ማዝዳ ሚያታ ሊገዛ ቋምጧል። ለሥራ ሌላ መኪና አለው፤ ይቺ ባለ ሁለት ወንበሯ፣ ጣሪያዋ የሚገለጠው፣ ለቅዳሜና እሁድ ናት። ዓይኑ ጥሩ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ ነበር፤ ቀላል ስለሆነች ግን መንዳቷ ያስደስታል።

ችግሩ ቆማም ገንዘብ ትበላለች። ኢንሹራንሱ አለ፤ ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ የመኪና ታክስ በየዓመቱ ይከፈላል፤ የበረዶውን ወራት ሸራ ለብሳ ብትከርምም ያው ነው። እኔ ብሆን የዓመቱን ወጪ ደምሬ፣ በእርግጥ ለምነዳባቸው ቀናት አካፍለው ነበር። በዓመት 20 ቀን ብቻ ከሆነ መከራየቱ ሳይረክስ አይቀርም (አበሻ የኪራይ ነገር ባይዋጥለትም!)።

ከቆረጣችሁ ግን ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ዳብሱ። የጨርቅ ጣሪያዋ የውሃ መውረጃ ሲደፈን ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ላሜራው ከውስጥ ይዝጋል። እዚያ ጋ አዲስ ቀለም ካያችሁ ጠርጥሩ።