እስከ ሰባተኛው ዓመት የሚጠበቀው የሊባኖስ ወይን

ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ስናከብር፣ ጌታችን በሠርጉ ቤት ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን ተአምር እናስባለን። በዚያ ሠርግ መልካሙ ወይን የቀረበው በመጨረሻ ነበር፤ አሳዳሪው የተደነቀውም በዚሁ ነው። ተአምሩን የሰው እጅ ሊደግመው አይችልም። ይሁንና መልካም ወይን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ ከገሊላ በስተሰሜን በሊባኖስ የሚገኝ አንድ የወይን መጥመቂያ ታሪክ ያስረዳናል። ለዛሬው በዓል የመረጥነውም ይህንኑ ነው።

የሊባኖስ ወይን ስመ ጥርነት የቆየ ነው፤ ነቢዩ ሆሴዕ እንኳ በትንቢቱ ለምሳሌነት አንሥቶታል። ዛሬ የአገሪቱ ወይን በብዛት የሚበቅለው በሊባኖስና በአንቲ ሊባኖስ ተራሮች መካከል በተዘረጋው የቤቃ ሸለቆ ነው። ሸለቆው ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ቀኑ በፀሐይ ሲሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ይህም ፍሬው ጣዕሙን ሳያጣ ቀስ እያለ እንዲበስል ይረዳዋል።

ሻቶ ሙሳር የተባለውን መጥመቂያ እ.ኤ.አ. በ1930 ያቋቋሙት ጋስቶን ሆሻር ናቸው። ልጃቸው ሰርዥ ሆሻር በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ሙያውን ተምረው፣ ከ1959 ጀምሮ ጥመቃውን በኃላፊነት መሩ። ስመ ጥሩው ቀይ ወይን ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሳንሶና ካሪኛን ከሚባሉ ሦስት የወይን ዘሮች ይዘጋጃል። ፍሬው ከፈላ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በባሉጥ እንጨት በርሜል ይቆያል፤ ከዚያም ተዋሕዶ በጠርሙስ ይታሸግና በምድር ቤት ለዓመታት ይቀመጣል። ለገበያ የሚወጣው ፍሬው በተለቀመ በሰባተኛው ዓመት ገደማ ነው።

ይህን ትዕግሥት ክፉኛ የፈተነው እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። የወይኑ ቦታ በቤቃ፣ መጥመቂያው ግን ከተራራው ማዶ በጋዚር በመሆኑ፣ የተለቀመው ፍሬ የጦር ግንባሮችን አቋርጦ መጓዝ ነበረበት። በ1976 ወይን መጥመቅ ጨርሶ አልተቻለም። በ1984 ደግሞ መንገድ በመዘጋቱ የጭነት መኪኖቹ ለቀናት ተጉላሉ፤ ፍሬውም መጥመቂያው ሳይደርስ በላያቸው ላይ መፍላት ጀመረ። ሰርዥ ሆሻር ግን አገራቸውንም ሥራቸውንም አልተዉም። በዚያው ዓመት ዲካንተር የተባለው የብሪታንያ የወይን መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ ሰየማቸው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 31 ቀን 2014 ካረፉም በኋላ ሥራው በቤተሰባቸው እጅ ቀጥሏል።

መድፍ በሚያጓራበት አገር ወይን አሽጎ ለሰባተኛው ዓመት ማኖር፣ ቀን ይወጣል ብሎ ማመን ነው። የዚህ ወይን ክብርም ከጣዕሙ ባልተናነሰ ከዚህ እምነት የመጣ ይመስለናል።

እኛም ለቤተ ክርስቲያን መባ ብለን ከዕጣኑና ከጧፉ ጋር ዘቢብ ስናቀርብ፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ወይን ከዚያ እንደሚዘጋጅ እናውቃለን። ዘቢቡን ተክሎ፣ ለቅሞና አድርቆ ለእኛ ያደረሰውን ሰው ግን አናውቀውም። በበዓሉ ማዕድ ወይን ሲቀርብልን በልክና በምስጋና እንቅመሰው፤ የደከሙበትንም በጸሎታችን እናስባቸው።

መልካም የቃና ዘገሊላ በዓል ይሁንልን።