የዘር ድንች

ፔሩ ውስጥ ከኩስኮ ከተማ ወደ ቺንቼሮ መንደር የወጣሁት የእሑዱን ገበያ ለማየት ነበር። እንዝርት ከሚያሾሩ አንዲት እናት ፊት ቆሜ ዋጋ ስጠይቅ፣ እጃቸው ክር ስለያዘ በአገጫቸው ከመንደሩ ወዲያ ያለውን የተቆፈረ ሜዳ አሳዩኝ። «ያ የአባቴ የድንች መሬት ነበር፤ አሁን አውሮፕላን ሊበቅልበት ነው» አሉኝ በአስተርጓሚ። ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ።

የኩስኮ ነባር አውሮፕላን ማረፊያ በቤት ተከቦ ከተማ መሀል መቅረቱ እውነት ነው። በምትኩ ለዐሥርተ ዓመታት ሲወራለት የኖረው የቺንቼሮ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2019 የአፈር ቆረጣው ሲጀመር፣ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታው እንዲቀየር ለፕሬዚዳንቱ አቤት አሉ። ቁፋሮው ግን ቀጠለ።

ቺንቼሮ ከባሕር ወለል ከ3,700 ሜትር በላይ ናት፤ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከኩስኮም በከፍታ ትበልጣለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኢንካው ንጉሥ ቱፓክ ኢንካ ዩፓንኪ ቤተ መንግሥቱን እዚህ አሠራ፤ ቁልቁለቱንም በእርከን አስያዘው። ስፔናውያን ቤተ ክርስቲያናቸውን በእሱው ግንብ ላይ አቆሙ፤ የኢንካው ጥርብ ድንጋይ ዛሬም ይታያል። የመንደሩ ሸማኔዎች ሱፉን በተክል ሥር አረፋ ያጥባሉ። ቀዩን ቀለም የሚያወጡት ደግሞ ከበለስ ላይ ከሚለቅሙት ኮችኒል ከሚባል ነፍሳት ነው። ይኸው ኮችኒል ለቀለም ተብሎ ትግራይ ገብቶ የስንቱን ገበሬ በለስ አደረቀ! እዚህ ግን እናትየዋ መዳፋቸው ላይ ሲጨፈልቁት ደም መስሎ ፈሰሰ፤ ፊታቸው በኩራት በራ።

ከማረፊያው ነገር እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሃው ነው። በአቅራቢያው ያለው ፒዩራይ ሐይቅ ከኩስኮ የመጠጥ ውሃ ምንጮች አንዱ ነው። ማረፊያው፣ እሱን ተከትለው የሚመጡት ሆቴሎችና ቤቶች ሁሉ ከዚያው ይጠጣሉ ወይ? ኩስኮ ውስጥ አንድ ሹም ይህን ስጠይቃቸው «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

ከነዋሪው መሬቱን በፈቃዱ የሸጠ፣ ማረፊያውን በጉጉት የሚጠብቅም ብዙ አለ። እናትየዋም አልደበቁኝም።

«እኔም ገንዘቡን ወስጃለሁ፤ ልጄ ታክሲ ገዛበት። እንግዳ ሲመጣ ይሠራበታል። ዘንድሮ ግን የዘር ድንቼ ጎተራ ውስጥ በቀለብኝ፤ የት ልትከለው?»