ለአስተያየት ነው ወይስ ለሙገሳ የምንከፍለው?

እስቲ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የፊልም ድርሰት “ባለሙያ ነኝ” ላለኝ ሰው ሰጠሁ። የከፈልኩት የደመወዜን ግማሽ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ግሩም ነው፣ በርታ!” በቃ፣ አለቀ። ይህንንማ እናቴ በነጻ ትለኝ ነበር!

ሁለተኛዋ አንባቢ ግን አልማረችኝም። ስክሪፕቱ 148 ገጽ ነው። “በደንቡ ከተጻፈ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ማን ይቀመጥልሃል?” አለችኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማዘኑን ይናገራል እንጂ ሲያዝን አናየውም። ምን እንደሚፈልግም የሚታወቀው 40ኛው ገጽ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በአምስት ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ። አመመኝ፤ ግን 50 ገጽ ቆረጥኩ፣ ታሪኩም ነፍስ ዘራ።

እናላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሰውየው ምን እንደሠራ ጠይቁ። አስተያየቱ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በስንት ቀን እንደሚደርስም ተስማሙ። ግማሹን ብቻ አስቀድሙ። ቅጂውን ስትሰጡ አስፈርሙ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ድርሰት እንጂ ባዶ ሐሳብን አይደለምና።

ሙገሳ ያማራችሁ ቀን እናታችሁ ጋ ሂዱ፤ ገንዘባችሁን ግን ለእውነት ክፈሉ። ቸር እንሰንብት!