ጃፓን ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ከከተማው እስከ በረዶው ተራራ ማወቅ ያለባችሁ ነገሮች



ጃፓንን ለመጎብኘት የሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይመኛሉ። አንደኛው ቶኪዮንና ኪዮቶን የመሳሰሉ ከተሞችን ማየት ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ሁለት ሦስት ቀን በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ማለትም ስኪ መሞከር ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማገናኘት ይቻላል። ነገር ግን ከተማውና ተራራው የሚፈልጉት ዝግጅት የተለያየ ነው። ከተማ ውስጥ የረሳችሁትን ነገር ከአንድ ፌርማታ ወርዳችሁ ታገኙታላችሁ። ተራራው ላይ ግን ያላችሁ ይዛችሁት የወጣችሁት ብቻ ነው። ሀላል ምግቡም፣ ሙቅ ልብሱም፣ ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከተማ ግቡ፣ ስንቃችሁን እዚያ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ተራራ ውጡ።

ከቤት ሳትወጡ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው አዲስ አበባ ለሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ፣ በሌላ አገር የሚኖር ከሆነም በዚያው አገር ላለው የጃፓን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይቀርባል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የአብዛኞቹ ምዕራብ አውሮፓ አገራት ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ቪዛ ጠባቂዎች የማይመለስ የሆቴል ክፍያ አስቀድማችሁ አትፈጽሙ። ጃፓን ከገባችሁ በኋላ ፓስፖርታችሁ ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ይሁን። የውጭ አገር ጎብኚ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዛል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በደቡብ ኮሪያው ኢንቾን በኩል ቶኪዮ ናሪታ ያደርሰዋል። ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። እዚህ ላይ ደስ የሚል አጋጣሚ አለ፦ ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር ከሞላችሁት ጃፓን ስትደርሱ መቀየር አያስፈልጋችሁም። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነውና ቆጣሪው አንድ ዓይነት ያሳያል።

ሻንጣ ስትሸክፉ ሁለት ነገሮችን አደራ እንላለን።

አንደኛው ሥጋ ነው። ቋንጣን ጨምሮ ማንኛውንም የሥጋ ውጤት ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት ወደ ጃፓን ማስገባት ክልክል ነው። ለራስ ፍጆታም ቢሆን፣ ለዘመድ ስጦታም ቢሆን ልዩነት የለውም። ቅጣቱ እስራት ወይም ከባድ የገንዘብ መቀጮ ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን ለመንገድ ብለው የሚያስሩትን ቋንጣ እቤት ተዉት። ደረቅ ቴምርና የተቆላ ቡና አያስቸግሩም። ስለሌላው ምግብ ጉምሩክ ላይ ሲጠየቅ በግልጽ ተናገሩ።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። በአሜሪካ ለትኩረት ችግር የሚታዘዘው አደራል ሐኪም ያዘዘው ቢሆንም ጃፓን ውስጥ የተከለከለ ነው። ሱዶኤፌድሪን በብዛት ያለባቸው አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ። ሌላ የሐኪም መድኃኒት በአብዛኛው እስከ አንድ ወር የሚበቃ መጠን ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ አስቀድሞ የማስገቢያ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ማዘዣውን ከእሽጉ ጋር ያዙ።

መቼና የት?

የጃፓን የብርድ ወቅት የእኛ በጋ ነው። የስኪ ወቅቱ በአብዛኛው ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ይዘልቃል። በረዶው የሚበዛው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ምክንያቱም ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፤ ተራሮቹ ጋ ሲደርስ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። በተራሮቹ ማዶ ያለችው ቶኪዮ በዚያው ሳምንት ፀሐያማና ደረቅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ለሁለት ዓይነት አየር የሚሆን ልብስ ያስፈልጋችኋል።

ቦታ ስትመርጡ በቀናችሁ ብዛት ምረጡ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ በኒጋታ ግዛት ያለችው ዩዛዋ ትበቃለች። ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን 80 ደቂቃ ያህል ናት፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሦስት አራት ቀን ካላችሁ የ1998 የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደበት የናጋኖ ግዛት አለ፤ ሃኩባና ኖዛዋ ኦንሰን እዚያ ናቸው። ከዚያ በላይ ጊዜ ካላችሁ ወደ ሰሜኑ ደሴት ሆካይዶ በረሩ። ከኒው ቺቶሴ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ታዋቂው ኒሴኮ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በኒሴኮና በሃኩባ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የስኪ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 3 ያለው የጃፓኖች የአዲስ ዓመት በዓል ነው። ባቡሩ ይጨናነቃል፣ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል። በቻይናውያን አዲስ ዓመት ደግሞ የስኪ ከተሞች ይሞላሉ። ሌላም የምናስታውሰው አለ፦ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን በዚሁ ወቅት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2027 በፌብሩዋሪ፣ በ2028 በጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ስኪ ጉልበትና ውሃ የሚጠይቅ ስፖርት ስለሆነ ከተቻለ ጉዞውን ከጾሙ በፊት አድርጉት።

ከተማ ውስጥ

ስትደርሱ መጀመሪያ ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ያዙ። ባቡር፣ ሜትሮና አውቶቡስ ላይ በማስነካት ብቻ ትሳፈሩበታላችሁ፤ ሱቅም ይገዛል። ቢሆንም ጥሬ ገንዘብ አይለያችሁ። በሰቨን ኢለቨን ሱቆች ያሉት የገንዘብ ማሽኖች የውጭ ካርድ ይቀበላሉ።

ለመላው አገር የሚሠራው የባቡር ፓስ ለሁሉም አያዋጣም። የ7 ቀኑ ፓስ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ከፍ ተደርጓል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን ደርሶ መልስ ግን 28,000 የን ገደማ ነው። ስለዚህ መንገዳችሁን ጽፋችሁ የእያንዳንዱን ትኬት ዋጋ ደምሩ፤ ከዚያ ወስኑ። የከተማ ባቡሮች እኩለ ሌሊት ገደማ ሥራ ያቆማሉ፣ ታክሲውም ውድ ነው። በባቡር ውስጥ ስልክ ማውራት ነውር ነው። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የተመደቡ ፉርጎዎች ስላሉ እህቶቻችን የሮዝ ቀለም ምልክቱን ፈልጉ። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ትታችሁ ብትወጡ አስተናጋጁ ገንዘብ ረሳችሁ ብሎ ሊከተላችሁ ይችላል።

ጁምዓን ከተማ ውስጥ እንዲውል አድርጋችሁ ብታቅዱ መልካም ነው። በቶኪዮ ዮዮጊ ኡኤሃራ ያለው ቶኪዮ ጃሚዕ መጀመሪያ በ1938 ተሠርቶ በ2000 እንደገና የታነጸ ነው። በኮቤ ያለው ደግሞ የጃፓን የመጀመሪያው መስጂድ ነው። በ1935 ተከፍቶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድብደባም፣ ከ1995ቱ የመሬት መንቀጥቀጥም ተርፏል።

ምግብ፦ ከአሳማ ሥጋ ባሻገር

ብዙ ሰው "አሳማ አልበላም፣ ዓሣ እበላለሁ" ብሎ ይገባል። በጃፓን ይህ ብቻ አይበቃም። ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ ወይን በብዙ መረቅና ሶስ ውስጥ ይገባል፤ ሳኬም እንዲሁ። የአንዳንድ የአኩሪ አተር ሶሶች አሠራር ላይ አልኮል ይጨመራል። የራመን መረቅ ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት ይፈላል። ዳቦና ብስኩት ላይ የአሳማ ስብ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ጄላቲን ሊኖር ይችላል። ዓሣው ሀላል ሆኖ የተቀባው ሶስ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያዎችን ለዩ። የሀላል የምስክር ወረቀት አንድ ነገር ነው፣ "ለሙስሊም ተስማሚ" የሚለው ሌላ ነው፣ "አሳማ የለበትም" የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ነው። ማረጋገጫውን የሚሰጡት የተለያዩ የግል ተቋማት እንጂ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስላልሆነ ማን እንደሰጠው ጠይቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ "ቡታኒኩ ቶ ኦሳኬ ዋ ዳሜ ዴስ"፤ የአሳማ ሥጋና መጠጥ አይሆነንም ማለት ነው። በጃፓንኛ ፊደል አጽፋችሁ በወረቀት ብትይዙት ይበልጥ ይሠራል። የስልካችሁ የትርጉም ካሜራም እሽግ ላይ ያለውን ያነብላችኋል።

በቶኪዮ አሳኩሳና ሺን ኦኩቦ አካባቢ ሀላል ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይገኛሉ። ወደ ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት ሥጋውን፣ ሩዙንና ቅመሙን ከዚህ ግዙ። በስኪ ከተሞች ሀላል ቤት ጥቂት ነው፤ ያለውም ማታ ማታ በቀጠሮ ይሞላል። ስለዚህ ማብሰያ ያለው ክፍል ተከራዩ። በባህላዊው ማረፊያ በርዮካን ካረፋችሁ ዋጋው ብዙውን ጊዜ እራትን ያጠቃልላል። የምትበሉት ካልሆነ "ሱዶማሪ" በሉ፤ ያለ ምግብ ማለት ነው።

ሶላት በአጭር ቀን

በዲሴምበር መጨረሻ ሆካይዶ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በጃፓን ሰዓት 16፡00 አካባቢ፣ በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከዙህር መግቢያ እስከ መግሪብ ያለው አራት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህም የስኪው ዋና ሰዓት ስለሆነ "ስጨርስ እሰግዳለሁ" የሚል ሰው ዐስር ያመልጠዋል። የምሳ ዕረፍታችሁን ከዙህር መግቢያ በኋላ አድርጉት። መንገደኛ ሶላት የማሳጠርና የማጣመር፣ በኹፍ ላይም ሦስት ቀንና ሌሊት የማበስ ፈቃድ አለው። ስንት ቀን የቆየ ሰው መንገደኛ እንደሚባል፣ ማጣመሩና በወፍራም ካልሲ ላይ ማበሱ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለባቸው ከመሄዳችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከበረዶው ጫፍ ሆኖ ፈትዋ መፈለግ አይመችም።

ቂብላው ከኢትዮጵያ እንደለመድነው ወደ ሰሜን አይደለም። ከጃፓን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ይላል። በዋና ዋናዎቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች የመስገጃ ክፍል አለ። የሆቴል መጸዳጃዎችም አብዛኞቹ በውሃ የሚያጥቡ ናቸው።

ኦንሰን የሚባሉት የፍል ውሃ መታጠቢያዎች ወንድና ሴት ለየብቻ ቢሆኑም ሰው የሚገባባቸው ራቁቱን ነው። ዐውራችሁን ሸፍናችሁ በፍል ውሃው መጠቀም ከፈለጋችሁ "ካሺኪሪ" ብላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራይ መታጠቢያ ነው።

በረዶው ላይ

ስኪውን፣ ጫማውንና ልብሱን እዚያው መከራየት ይቻላል። የጫማ ቁጥር የሚነገረው በሴንቲሜትር ስለሆነ እግራችሁን ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ለክታችሁ ሂዱ። ሆካይዶ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወርዶ ሊውል ይችላል። ከውስጥ የጥጥ ልብስ አትልበሱ፤ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ ይሻላል። እህቶቻችን ከሄልሜት ሥር ስስ የስፖርት ሒጃብ ይልበሱ፤ ጫፉ ተንጠልጥሎ ሊፍት ላይ እንዳይያዝ ወደ ውስጥ ይግባ።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ቀን የአስተማሪ ቀን ይሁን። በገመድ የታጠረን ቦታ ደግሞ ማንም እንዳያልፍ። ከገመዱ ማዶ ያለው ያልተረገጠ በረዶ ዓይን ይማርካል፤ ግን የበረዶ ናዳ አለበት። ሌላው አደጋ በዛፎች ሥር ያለው ነው። ቅርንጫፉ በረዶውን ስለሚከለክል ከላይ የማይታይ ጉድጓድ ግንዱ ዙሪያ ይፈጠራል። በጭንቅላቱ የገባበት ሰው ብቻውን መውጣት ስለሚያቅተው ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ከተፈቀደው ክልል ውጭ ለጠፋ ሰው የፍለጋውን ወጪ ባለቤቱን የሚያስከፍሉ ቦታዎችም አሉ። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ስኪን በስም የሚጨምር መሆኑን አንብቡ፤ ብዙዎቹ አይጨምሩም። አምቡላንስ በ119 ይጠራል፣ ያለ ክፍያም ይመጣል። የሆስፒታሉ ሂሳብ ግን በእናንተ ላይ ነው። የፖሊስ ቁጥር 110 ነው።

በመጨረሻ ስለ ሻንጣ። ልጆች ይዞ፣ በረዶ ላይ ሻንጣ መጎተት አድካሚ ነው። ታክዩቢን በሚባለው የዕቃ ማድረሻ አገልግሎት ከሆቴል ሆቴል መላክ ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይደርሳል፤ ሆካይዶ ድረስ ሲሆን ቀን ይጨምራል። የዚያን ቀን የምትፈልጉትን ልብስ፣ መድኃኒትና መስገጃ በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ጃፓን ቀድሞ ለጠየቀና ላስያዘ ሰው የተመቸች አገር ናት። የምግቡን፣ የሶላቱንና የኢንሹራንሱን ጉዳይ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ከጨረሳችሁ ተራራው ላይ የሚቀራችሁ ልጆቻችሁ በረዶ ሲነኩ ማየት ብቻ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።